በሬዎቼ ሆራ ሲወርዱ

ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ የሚመጣውን ተዝናኚ ታውቁታላችሁ? ጠዋት ፍል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከሰዓት ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፣ ከዚያ ማኪያቶ ይዞ «ደከመኝ» ይላል። ምን ሠርቶ? እኔ ይህን ወገን ስገሥጽ ኖሬአለሁ።

ባለቤቴ ጉልበቷን ሲያማት፣ «አባ ሌሊሴ፣ አንድ ቀን ፍል ውሃ ውሰደኝ» አለችኝ።

«እሱ የሥራ ፈት ቦታ ነው።»

«በሬዎችህን በየወሩ ሆራ፣ ጨዋማውን ውሃ ልታጠጣ ትነዳ የለ እንዴ?»

«እነሱማ ያርሳሉ!»

«እኔ ስተኛ ነው የምውለው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አልወሰድኳትም።

ዘንድሮ፣ ሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ፣ ልጃችን ሌሊሴ ጎትታ ፍል ውሃ ወሰደችኝ። አንድ ተዝናኚ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ደረጃውን ያወርዳታል። ልገሥጸው አፌን ከፈትኩ።

«ቀስ አድርገህ ያዛት» አልኩት።