የአያ ደሴ አምስት ቀለሆች

ሳይለምኑት ከሚያግዝ ሰው ይሰውራችሁ። ክፉ ሰው ቀላል ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ ትጠነቀቁታላችሁ። ደጉ ነው አስቸጋሪው። ደህና የቆመውን አጥር «ላጠንክርልህ» ብሎ ነቅንቆ የሚጥለው፣ ባልቴቷ ሃያ ዓመት የተቀመጠችበትን በርጩማ «ከፍ ብሎብሻል» ብሎ እግሩን ቆርጦ የሚመልስላት፣ በዚያም ላይ ምርቃት የሚጠብቀው እሱ ነው። ይህን ሰው ከየት አወቅኸው ብትሉኝ፣ አብሬው ነው ያደግሁት፤ እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ጠላት ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ወረታ ላይ መኪና ሲቆም ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሊያይ በሚወጣበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ፎገራ ላይ ጠብመንጃ ያለው ወንድ ሙሉ ዝናር ሳይታጠቅ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ አይወርድም። ጥይቱ ግን ከየት ይምጣ? ሦስት አራቱ የእውነት ጥይት ይሆንና የቀረው ኪስ በባዶ ቀለህ ይሞላል። ዝናር ውስጥ ሲገባ የሚታየው ቂጡ ብቻ ስለሆነ፣ የጎረሰውን ከባዶው የሚለይ የለም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ዝም እንባባላለን። እንዲህ ያለ መተዛዘን ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም።

ታዲያ ቀለህ ናስ አይደል? ክረምት ሲያልፍበት ይጠቁራል፣ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ያወጣል። ሰው ሁሉ ለጥምቀት በአመድና በሎሚ ሲፈትገው አውራ ጣቱ ይላጣል። እኔ አንድ ቀን ባለቤቴ የሺ ወተት ስትንጥ ቁጭ ብዬ አየሁና ነገር መጣልኝ። ሹፌሮች የጣሉትን የላምባ ቆርቆሮ አምጥቼ በጠፍር ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠለጠልሁት። የርብን ወንዝ ደቃቅ አሸዋ፣ አመድ፣ የጤፍ እብቅ፣ የሎሚ ጭማቂ ጨመርሁበት። ቀለሁን ከትቼ አፉን ወተፍሁና ወዲያ ወዲህ እንጠው ጀመር።

ወንድ ልጅ ሲንጥ! ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። «ቅቤው ወጣልህ ወይ?» እያሉ ባጥር ላይ ያንቋሽሹኛል። ቀለሁ ወርቅ መስሎ ሲወጣ ጊዜ ግን የሳቀው ሁሉ ዝናሩን ተሸክሞ ደጄ ተሰለፈ።

ከነዚህም መካከል አያ ደሴ ነበሩ። በጠላት ጊዜ አርበኛ የነበሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ። ዝናራቸውን ሰጡኝና ሄዱ። ሳራግፈው ከመጨረሻው ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ወደቀ። ብፈታው አምስት ቀለህ፤ የጠቆረ፣ ጎን ጎኑ በቢላዋ የተጫጨረ። «ምስኪን፣ አፍረው ደብቀዋቸው ነው» አልሁና አንጀቴን በሉት። ሌላው ሲጸዳ የአምስቱ ጭረት አልለቅ አለ። ልተወው? ምን ሲባል! በሞረድ ፈቅፌ፣ ሻካራ አሸዋ ጨምሬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ናጥኋቸው።

በከተራ ዕለት ጠዋት አያ ደሴ መጡ። ዝናራቸውን አይተው ደስ አላቸው፤ መረቁኝ። ምርቃቱ አልበቃኝም።

«አያ፣ ያን የተጫጨረውንም አልተውሁልዎ! ድራሹን ነው ያጠፋሁት!»

ጨርቁን ፈቱ። አንዱን ቀለህ አንሥተው ጎኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ሁለተኛውንም ዳሰሱ። ከዚያ ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግኸኝ?» አሉ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካ አምስቱ ቀለሆች የአምስት ጓዶቻቸው ኖረዋል። ጉማራ ዳር ከጠላት ጋር ሊገጥሙ ሲሉ፣ የተረፈው ለሞተው እንዲያስጸልይ የክርስትና ስማቸውን ተነጋገሩ። መቼም ቄስ ለነፍስ ሲጸልይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ያን ስም ደግሞ ሰው ለማንም አይናገርም። የተረፉት አያ ደሴ ብቻ ሆኑ። ፊደል ስለማያውቁ፣ ከእያንዳንዱ አስከሬን አጠገብ አንድ ቀለህ አንሥተው በኋላ ምልክት ጫሩበት፤ ለገብረ መስቀል መስቀል፣ ለወልደ ሥላሴ ሦስት መሥመር። በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት ቀለሆቹን እየዳሰሱ ስሞቹን ለቄሱ ይነግራሉ። ስሞቹን በቃላቸው የያዙት ቄስ ዐርፈው፣ ዘንድሮ አዲሱ መምሬ ውቤ ናቸው የሚያስቀድሱት።

«ራሴስ ከከዳኝ ቆየ፤ የሚያስታውሰኝ ጣቴ ነበር» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። የሺ ግን እግዜር ይስጣት፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «አያ፣ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ እኔ አልረሳም» አለች። እያሰቡ፣ እያረፉ፣ አራቱን ስም አወጡ። አምስተኛው፣ የአንበሳሜው አዳነ፣ የክርስትና ስሙ አልመጣ አለ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አዳነን ዘንድሮ ማንም ሳይጠራው ሊቀር ነው።»

ጥምቀትን ትቼ፣ ከአምስቱ አንዱን ቀለህ ይዤ አንበሳሜ ገሰገስሁ። የአዳነን እህት ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋቸው፤ ጸጉራቸው የነጣ አሮጊት። «የወንድሜን የክርስትና ስም ምን ልታደርግበት?» ብለው በጥርጣሬ አዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ መተተኛ የሚፈልገው ያንኑ ስም አይደል? ቀለሁን ከኪሴ አውጥቼ ጥፋቴን ሁሉ ተናዘዝሁ። ቀለሁን ሳሙት፣ አለቀሱ፣ እሳቸውም በየዓመቱ ተዝካሩን እንደሚያወጡለት ነገሩኝና ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ኃይለ ሚካኤል» አሉኝ።

በጥምቀት ማግስት እየሮጥሁ ደርሼ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ለአያ ደሴና ለመምሬ ውቤ ስሙን ነገርሁ። አያ ደሴ ራሳቸውን ያዙ።

«ኃይለ ሚካኤል? አሁን ትዝ አለኝ! እኔ እኮ ገብረ ጊዮርጊስ ስል ነው የኖርሁ! የጊዮርጊስን ጦር ነበር የጫርሁበት። ምልክቱን ያደረግሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔውኑ ተደናግሮኛል ማለት ነው!»

መምሬ ውቤ ጢማቸውን ደባበሱ። «እንግዲያስ ሃያ ዓመት ሙሉ ጸሎት ሲደርስለት የኖረው ይህ ገብረ ጊዮርጊስ ማነው?»

ጎንበስ ብዬ የቅጥሩን መሬት ሳምሁ። ወባው ጎረቤቶቼን ሲጨርስ እኔን አተኩሶ ብቻ የተወኝ፣ ርብ ሞልቶ ከነበሬ ሲወስደኝ ቁጥቋጦ ያስያዘኝ፣ እንደ የሺ ያለችውን ሴት ያለ ዋጋዬ የሰጠኝ ምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ተመስገን! አዳነም እህቱ ነበሩለት፤ አልጎደለበትም።

የክርስትና ስሜን ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እናንተም አወቃችሁት። ለክፉ እንዳታውሉት አደራ፤ ለጸሎት ከሆነ ግን ግድ የለም፣ ቀጥሉልኝ።