የእጅ ካልሲ

በየሰፈሩ አንድ «ገና ነው» የሚል ሰው አለ። ወጥ ቤት ብታስገቡት ሽንኩርቱ ገና ነው፤ ለቅሶ ቤት ብትወስዱት ድንኳኑ ገና በደንብ አልተወጠረም። ገነት በር ላይ ቢያደርሱት እንኳ ማጠፊያውን ነካክቶ «ይቺ ገና ዘይት ትፈልጋለች» ሳይል አይገባም። ለወሰን ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ከአባታቸው የወረሷት ቮልስ አለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፍቋት ኖሩ። ዝገቷን ፋቁ፣ ስርጉዷን በስቱኮ ሞሉ፣ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ ፍቀው ሲያበቁ እንደገና ሞሉ። ሰው «መቼ ነው የሚቀቧት?» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ፊት ሳይታጠብ ኩል አይኳልም።»

አጥር የምትጋራቸው አስረሳሽ ይህንን እንደ ሲኒማ ነው የምታየው። ጋሽዬ ሥራቸውን ሲፈትሹ ቀኝ እጃቸው ላይ ነጭ ካልሲ ያጠልቃሉ፤ የእጅ ወዝ ብረቱን እንዳይነካው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ቮልሷን ቀስ ብለው ይዳብሷታል። «እዚህ ጋ አለች» ይላሉ፤ ጉብታዋን ማለታቸው ነው። ይኸው መፋቅ እንደገና። አስረሳሽ ደግሞ ዕድር ላይ የባሏን ካልሲ አጥልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና የሊቀመንበሩን ራሰ በራ እየዳበሰች «እዚህ ጋ አለች» ስትል ድንኳኑ በሳቅ ሊቀደድ ይደርሳል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቀን ተቆረጠለት። ልጃቸው ጸጋ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ልትሞሸር ነው፤ «በአያቴ መኪና ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላለች። ጋሽዬ ለፋሲካ ዋዜማ የመጀመሪያውን ፕራይመር፣ ያንን ከቀለም በፊት የሚነፋ ግራጫ፣ ነፉ። ዙሪያዋን ገመድ ወጠሩና «በእጅ አይነካም» የሚል ወረቀት አንጠለጠሉበት።

የፋሲካ ዕለት አስረሳሽ ዶሮዋን በልታ፣ እጇን ለወጉ ያህል አለቅልቃ «እንኳን አደረሰዎት» ልትል ገባች። ጋሽዬ ጓዳ ነበሩ። ወረቀቱን አንብባ፣ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር አለፈች። ያቺ ወንፊት የነበረች ቮልስ እንደ እንቁላል ለስልሳ ስታያት አላስቻላትም፤ ኮፈኗን ቸብ ቸብ አደረገቻት።

«እሰይ፣ የኔ ሙሽራ።»

ሰኞ ጋሽዬ ሁለተኛውን ፕራይመር ነፉ። ሌላው ቦታ ሁሉ ያዘ፤ ኮፈኑ ላይ ግን አንድ ቦታ አልይዝም ብሎ ሸሸ። የሸሸው ቦታ ቀስ በቀስ መልክ አወጣ፦ መዳፍ፣ አራት ጣት፣ አምስተኛዋ ትንሿ ወደ ውጭ የጠመመች።

ሰፈሩ ሊያይ ገባ። ሚኒባስ የሚነዳው ከበበ ኮፈኑን አሸተተ።

«የዶሮ ወጥ ቅቤ ነው። ማነው ገመዱን አልፎ የገባው፣ ጋሼ?»

አስረሳሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ትንሿ ጣቷ ልጅ ሆና ከሾላ ዛፍ ወድቃ የተሰበረች ናት፤ ሰፈሩ ልብ ብሎ አያውቅም። ጋሽዬ ግን አራተኛ ክፍል ሲያስተምሯት በዚያች ጣት ስትደምር ሲያዩ ነው የከረሙት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጥፋተኛውን ስም በአንድ ጠዋት ካራ ሰፈር ድረስ የምታደርሰው እሷ ነበረች።

ጋሽዬ ኮፈኑን አዩ፤ ነጠላዋን አዩ።

«ማንም አልገባም» አሉ። «እኔው ነኝ። ካልሲውን ረስቼ።»

«እርስዎ?» ከበበ ሆዱን ያዘ። «ሁለት ዓመት ‘እጅህን ሰብስብ’ ሲሉኝ ኖረው?»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽዬ ጆሯቸው ቀላ። አስረሳሽ አልሳቀችም።

ማክሰኞ ጠዋት ካልሲ ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ያቺ ኮፈን...»

«ግቢ። ክብ እንዳታደርጊ፤ በመስቀለኛ ነው የሚፈቀው።»

ሥራውን አብረው ጀመሩ። ቅቤውን በቲነር ወለወሉ፣ ፋቁ፣ ደግመው ወለወሉ፣ ፕራይመሩን እንደ አዲስ ነፉ፣ ሲደርቅ ደግሞ አለሰለሱት። ረቡዕ ማታ የአስረሳሽ ክንድ ጉርሻ ማንሳት አቃተው።

ሐሙስ ቀለም ቀቢው ገመቺስ መርጫውን ይዞ መጣ። ጋሽዬ ዓይናቸው ጎድጉዷል።

«በቃ፣ ልጄ» አሉት። «ቀን የለንም። አልብሳት።»

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «በቃ» አሉ። አስረሳሽ ግን ካልሲዋን አጥልቃ ዓይኗን ጨፈነች። ከበበ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሊስቅ ተሰናዳ። እጇ በኮፈኑ ላይ ተንሸራተተ፤ ቆመ።

«እዚህ ጋ አለች።»

«የለችም፣ አስረሳሽ። አሁን ዳብሼዋለሁ እኮ።»

«አለች፣ ጋሼ። ፊት ሳይታጠብ ኩል አይኳልም።»

ያን ዕድር ላይ የምታስመስለውን የጋሽዬን ድምፅ አላወጣችም፤ በራሷ ድምፅ ነው ያለችው። ጋሽዬ ደግመው ዳበሱ።

«አለች» አሉ። «ገመቺስ፣ ተቀመጥ። ገና ነው።»

እሁድ ጸጋ ሰማያዊ በተቀባችው ቮልስ እንጦጦ ወጣች። ፓርኩ በር ጋ ፎቶ አንሺው ሙሽራውን «ኮፈኑን ደገፍ በል» አለው። ክትፎ በልቶ የመጣው ሙሽራ እጁን ሲዘረጋ አስረሳሽ ቀሚሷን ሰብስባ ደረሰች፤ ቦርሳዋን ከፈተች።

አልበሙ ላይ ሙሽራው ቀኝ እጁ ላይ ነጭ ካልሲ አጥልቋል። ያን ፎቶ አይቶ የማይስቅ የለም፤ ከሁለት ሰው በቀር።