አራተኛው ደቂቃ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ

አርባ ዓመት ያለፈው ወንድ ሁሉ ውስጡ አንድ ያልታወቀ ራፐር አለ። አትሳቁ፤ በር ዘግታችሁ የምታደርጉትን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የኔ ራፐር የወጣው ልጄ ዘሃራ ስልኳ ላይ ሂፕ ሆፕ ስትሰማ «ይሄማ ቶሎ ቶሎ ማውራት ነው፤ ማን ያቅተዋል?» ያልኩ ቀን ነው።

«እስቲ ሞክረዋ አባ» አለች። «ካሳፈርከኝ ግን ጓደኞቼ ፊት አባቴ ነው አልልም።»

ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው እንዲህ ተብሎ እንዴት ይቀመጣል?

የሚስቴ ወንድም ጀማል እዚሁ ከሚሴ ፀጉር ቤት አለው። የጓሮዋን ክፍል በብርድ ልብስ ሸፋፍኖ ስቱዲዮ ይላታል። እሱ በኦሮምኛ፣ ልብስ ነጋዴዋ ሀዋ በአማርኛ፣ እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስምንት ስንኝ ልንል ተስማማን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ። የቦርከና ወንዝ ከነገባሮቹ አለበት።

እኛ ጋ ግን ያለ ምርቃት የሚጀመር ሥራ የለም። ጀማል የቤቱን ባለቤት አባባ ሰይድን ጠራ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። «ጨፋን ዝናብ አይንሳት» አሉ፤ አሚን አልን። «ላሟን ከነጥጃዋ ያቆይልን።» አሚን። «ያላገባውን ያጋባው» ሲሉ ሀዋ ከሁላችንም ቀደመች። «ባጃጁን ከጉድጓድ ይሰውረው…» አሚን። ማይኩ ክፍት እንደነበረ ያወቅነው ሲጨርሱ ነው።

«ወላሂ፣ ይሄማ መግቢያ ነው» አለ ጀማል።

አባባን ብናስፈቅዳቸው «ዱዓው ይሰማ፤ ጭፈራው የናንተ ጉዳይ ነው» አሉን።

ዘፈኑ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት ጆሮዬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ከአባባ ጋር አሚን ይላል። ሾፌሩማ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ ፊቱን አበሰ፤ ያኔ ነው የጉድጓዱ ዱዓ የሠራው። ችግሩ ከሚሴ ከዘፈናችን ታጥራለች። የኔ ስንኝ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ መናኸሪያ የሚደረሰው በሦስተኛው። ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስኩ፤ ራሴን ሳልሰማ ወረድኩ።

ቅዳሜ ዘሃራን ይዤ ጨፋ ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጨፋ ሮቢት ምንም ጉዳይ የለኝም። ሾፌሩን ለምኜ ዘፈኑን አስከፈትኩ። ዱዓው አለፈ፣ ጀማል አለፈ፣ ሀዋ አለፈች። በመጨረሻ እኔ መጣሁ፦

«ቦርከና ቁልቁል ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፣
የጨፋ አፈር ጥቁር ነው፣ ውሃ ይዞ ይቆያል…»

ከኋላችን የተቀመጡ፣ የማሽላ ከረጢት የታቀፉ እናት ሾፌሩን ጠሩት።

«ልጄ፣ ዜናውን ዝጋና ዱዓውን መልስልን።»

መለሰላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘሃራ ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሚኒባሱ በሙሉ ተያይዞ አሚን ማለት ጀመረ።

«ማሻ አላህ» አሉ እናትየዋ። «ያ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ጎርናና ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ አሚን የሚለው፣ የማን ይሆን?»

ዘሃራ እንባዋን ጠርጋ ዞረች። «አባቴ ነው» አለች ሁሉም እየሰማ፣ ትከሻዬን ይዛ።

እናትየዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ መረቁኝ። ቀጥለው «ያ ዜና አንባቢውስ?» አሉ።

ልጄ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«እሱን እንኳ አናውቀውም» አለች።

እኔም አሚን አልኩ።