ባሻ ፈቀደ በለንደን ጠርሙስ ኮሶን የወጉበት ዘመቻ

በ፲፱፻፲፮ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ባሻ ፈቀደ ወይዘሮ አልጋነሽን ባገቡ በአራተኛው ዓመት፣ ከኮሶ በሸሹ በሦስተኛው፣ ቀበቷቸውን አዲስ ቀዳዳ በበሱ በስድስተኛው ወር፣ ይህ ነገር በአራዳ ሆነ። ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለባሻ ፈቀደ፣ የዶሮ ማነቂያው ኮርቻ ሰፊ፣ የቁርጥ ወዳጅ፣ የሻኛ መርማሪ፣ የአዋዜ ዳኛ፤ የባሻነታቸውንም ሹመት ማን እንደ ሰጣቸው ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም ገብረክርስቶስ፣ በጊዮርጊስ አጥር ሥር አቤቱታ እየጻፍኩ የምኖር የጊዮርጊስ ማኅበር ጸሐፊ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትንም፣ አይተናል ከሚሉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ከተስማሙበት እጽፋለሁ።

ወበውእቱ መዋዕል ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ የሆድ ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ኮሶም የተወቀጠ አበባ ነው፤ በባዶ ሆድ፣ በዋንጫ ሙሉ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ትልን ያባርራል፣ የጠጪውንም ፊት እንደ አሮጌ ስልቻ ያጨማድዳል። የኮሶ ቀን ግን የተከበረ ቀን ነው። ኮሶ የጠጣን ሰው ዳኛ አይጠራውም፣ አለቃ አያዘውም፣ እንግዳም ቢመጣ "ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል" ሲባል ከደጅ ይመለሳል። ባሻ ፈቀደም ይህን ቀን እጅግ ይወዱት ነበር። ዋንጫቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፣ በዚያም ጥቂት ይቆያሉ፣ ባዶ ዋንጫ ይዘው ይመለሳሉ፣ ጋቢ ተከናንበውም እየቃተቱ ይውላሉ፤ ማታም ስለ ድካማቸው ዶሮ ይሠራላቸዋል። እንዲህ አድርገው አሥራ ስምንት ጊዜ ታመሙ፣ አሥራ ስምንት ዶሮም በሉ።

በዚያ ጓሮ ግን የአማታቸው የወይዘሮ አይናዲስ ጌሾ ነበረ፤ ወይዘሮ አይናዲስም የግቢው ባለቤት፣ የጠላው እመቤት፣ የኮሶው ወቃጭ ናቸው። ጌሾው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን ጣለ፣ በመስከረም መጨረሻ ደረቀ። እሳቸውም ዶማ አንሥተው ሥሩን ቢቆፍሩ የሦስት ዓመት የኮሶ አተላ ተጋግሮ አገኙ። ያን ጊዜ በቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቆመው ይህን አዋጅ ነገሩ፦

"የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ! ጌሾዬን የገደለው ምስጥ አይደለም፣ በረዶም አይደለም፤ አማቼ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ክንዴ እስኪዝል ስወቅጥ እሱ ሲደፋ ኖሯል። የኅዳር ጊዮርጊስ የማኅበር ድግስ ዘንድሮ ተራው የኔ ቤት ነው፤ በሬውም ታስሯል። እሱ በመጪው ቅዳሜ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት፣ በግቢው መካከል ቆሞ መድኃኒቱን ካልጠጣና ትሉን ካላስወጣ፣ ቁርጥ አይቀምስም። ቢላዋ ያቀበለው ሰው ካለ ከኔ ጠላ አይጠጣም!"

ባሻ ፈቀደም ይህን በሰሙ ጊዜ የኮርቻ መስፊያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከኅዳር ጊዮርጊስ በኋላ በሳምንቱ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ይህ ድግስ ካመለጣቸው እስከ ገና ድረስ ሽሮ ነው። ደግሞም በእውነት ታመው ነበር፤ ትሉ በሆዳቸው ግዛት ተሹሞ፣ ከበሉት ሁሉ ሲሶውን እያስገበረ፣ ጉንጫቸውን አጎድጉዶታል። ኮሶ ቢጠጡ ይድኑ ነበር። ነገር ግን መጠጣት አልቻሉም፤ ምክንያቱንም ለማንም አልነገሩም።

ወእምድኅረዝ ሐሙስ ቀን፣ አዋጁ መድኃኒት ይላል እንጂ ኮሶ አይልም ብለው፣ ዘመቻ ወጡ። ከፊት ባሻ ራሳቸው ሄዱ፣ በትከሻቸውም ለሠርግ በቅሎ የሰፉትን ምርጥ ኮርቻ ተሸከሙ፤ ከኋላ የበቅሎ ደላላው ከበደ፣ በሰው ችግር የማይቀር፣ ተከተለ፤ ከሱ ቀጥሎ እኔ ብዕሬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፤ ከኔ ቀጥሎ መይሙና፣ በአራዳ ገበያ ኮሶና ቅመም የምትሸጥ፣ ደንበኛዋ ወደ ባዕድ ሊከዳ መሆኑን ሰምታ ልታይ የመጣች፤ በመጨረሻም የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ አንድ በግ። ሰልፉም ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ፣ በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ ተሳልሞ፣ መይሙናና በጉም ቆመው ጠብቀው፣ ወደ አርመኑ አጎፕ የመድኃኒት መደብር ደረሰ።

በመደብሩም ጠርሙሶች እንደ ዘብ ተሰልፈው ቆመዋል። አጎፕም ከመካከላቸው አንድ ቡናማ ጠርሙስ አወረደ፤ ከለንደን የመጣ ነው፣ በወረቀቱም ላይ ጺሙ ደረቱን የሸፈነ፣ ጉንጩ የሞላ ሽማግሌ ተሥሏል። አጎፕም ጽሕፈቱን በልቡ ወደ አርመንኛ፣ በአፉ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበ፤ ለሳል፣ ለቁርጥማት፣ ለሆድ ትል፣ ለፀጉር መርገፍ፣ ለልብ ትካዜ፣ ለሴት ንጭንጭና ለፈረስ ሽባነት ፍቱን እንደ ሆነ ተጽፎበታል። ባሻም በሥዕሉ ያለውን ሽማግሌ ትክ ብለው አይተው፣ ይህ ሰው ትል ያለበት አይመስልም አሉና ኮርቻውን ሰጥተው ጠርሙሱን ወሰዱ። አጎፕም ከባንኮው ኋላ ጣቱን አንሥቶ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ "ማንኪያ! ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቀትር አንድ፣ ማታ አንድ። ጠርሙሱ የሁለት ወር ነው፤ አደራህን!"

ባሻ ፈቀደ ግን በመንገድ ላይ ይህን ትእዛዝ መረመሩት፣ አቃለሉትም። በማንኪያ የሚጠጣ መድኃኒት እንዴት ያለ ነው? መድኃኒት ማለት በዋንጫ፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ነው፤ ይህንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ማንኪያው ለፈረንጅ ነው፤ ፈረንጅ ሥጋውን ቀቅሎ ስለሚበላ ትሉ ትንሽ ነው፤ የአራዳ ትል ግን በጥሬ ያደገ ነው፣ በማንኪያ አይደነግጥም። ከበደም እውነት ነው ብሎ መሰከረ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ነገሩ የተጠና መሰለኝ።

ወኮነ በዕለተ ቀዳሚት፣ ጥቅምት ሠላሳ ቀን፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ማኅበርተኛው በግቢው ተሰበሰበ። ወይዘሮ አይናዲስ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ወይዘሮ አልጋነሽ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች፤ መይሙናም ለማንኛውም ይሁን ብላ የኮሶ ቋጠሮዋን አምጥታ ነበር። ኃያል ወጽኑዕ ባሻ ፈቀደ የለንደኑን ጠርሙስ ወደ ትልቁ ዋንጫ ገለበጡ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ የሁለት ወሩንም መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሕዝቡም ፊታቸው እስኪጨማደድ ጠበቀ። ፊታቸው ግን አልተጨማደደም፤ ይልቁንም ከንፈራቸውን ላሱ። ያን ጊዜ ከማኅበርተኛው መካከል ማጉረምረም ተነሣ፤ የሚጣፍጥ መድኃኒት ታይቶም ተሰምቶም አያውቅምና።

ጥቂትም ቆይቶ የባሻ ጆሮ ቀላ፣ ዐይናቸውም አበራ። በግቢው ዳር ገና ቆዳ ያልለበሰ የኮርቻ እንጨት በግንድ ላይ ተጭኖ ነበር፤ ወደሱ ሄደው ወጡበት፣ በሌለችውም በቅሎ ላይ ሆነው፣ ልጓሟንም ሰብሰብ አድርገው፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

"ከዛሬ ጀምሮ ኮሶ ከሹመቱ ተነሥቷል! ዛፉ ለማገዶ ይሁን! መይሙና አይዞሽ፣ በርበሬ ትሸጫለሽ፣ እኔ እገዛሻለሁ። ከበደ፣ አንተን የበቅሎ ሁሉ አለቃ አድርጌሃለሁ፤ የበጉም ጭምር። እማማ አይናዲስ፣ እርስዎንም ስለ ጌሾው ይቅር ብዬዎታለሁ!"

ወይዘሮ አይናዲስ ከበርጩማቸው ተነሡ። መይሙና ግን ቀደመቻቸው፤ ባዶውን ጠርሙስ አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ፊቷንም አዙራ ለሕዝቡ ሁሉ ፍርዷን አሰማች፦ "ጎበዝ፣ ይሄ አረቄ ነው! እኔ በአፌ አዙሬው የማላውቅ ሴት ሽታውን ካወቅሁት እናንተ የት ነበራችሁ? ስኳር ነስንሰውበታል እንጂ አረቄ ነው። ትሉም ውስጥ ሆኖ እየጨፈረ ነው!"

ሕዝቡም በሳቅ ወደቀ። ከበደ በጉን ተደግፎ ሳቀ፤ እኔም ቀለሜ እስኪደፋ ሳቅሁ፣ አሁን ግን አፍርበታለሁ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ባሻ ፈቀደ በእንጨቱ ላይ እንደ ተቀመጡ የሌለችውን በቅሎ ልጓም ለቀቁ፣ ዐይናቸውም እንባ ሞላ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመጨረሻውን አዋጃቸውን ነገሩ፦

"ሳቁ። እኔ ግን የፈራሁት ምሬቱን አይደለም። በተጋባን በሁለተኛው ወር ኮሶ ጠጥቼ አስመለሰኝ፤ ያውም በአልጋነሽ የሠርግ ቀሚስ ላይ። እሷም ሳቀች። ሳቋን እወደዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ብትስቅ አልጠግብም። ያን ቀን ግን የሳቀችው በኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን ባነሣሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል፣ ጓሮ ሄጄም እደፋዋለሁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቁርጡንም ተዉት፣ አልበላም።"

ከበደም ከተደገፈው በግ ላይ ቀና አለ። ባሻ ፈቀደ ቁርጥ አልበላም ሲሉ የሰማ ሰው በአራዳ የለምና። ያን ጊዜ ወይዘሮ አልጋነሽ የበሩን መቃን ለቃ ወደ ግቢው መካከል ገባች፣ እንዲህም ስትል አዋጅ ነገረች፦

"እናንተም ስሙ፣ አንተም ስማኝ። በአንተ አልሳቅሁም። ያን ቀን የኔም ዋንጫ በእጄ ነበር፤ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። አንተን ሲያስመልስህ በኔ የሚመጣውን አየሁና በፍርሃት ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ጠጥቼ አላውቅም። አንተ ከጌሾው በስተቀኝ ትደፋለህ፣ እኔ በስተግራ። የአንተን አፈር እርጥቡን እያየሁ ዝም አልኩ፤ ብናገር የኔም ይወጣል ብዬ ነው። እማዬ፣ ጌሾሽን የገደልነው ሁለታችን ነን፤ ፍርዱም ለሁለታችን ይሁን።"

ማኅበርተኛውም ወደ ወይዘሮ አይናዲስ ዞረ፣ መብረቅም ይወርዳል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ደረቀው ጌሾ አዩ፤ ከዚያም ከጌሾው በላይ ወዳለው የመኝታ ቤታቸው መስኮት አዩ፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ማንም ባልጠበቀው የዋህነት ፈረዱ፦ "ሁለታችሁም ሰኞ ጠዋት ትጠጣላችሁ። ሰው አይሰበሰብም። አንዳችሁ የአንዳችሁን አፍ እያያችሁ ትጠጣላችሁ፣ ጸሐፊውም ብቻ ለምስክርነት ይቁም። አሁን ይህን ሰው ከእንጨቱ ላይ አውርዱልኝ፣ ኮርቻውን ያጎብጠዋል።"

እሑድ ባሻ ራሳቸውን በጨርቅ አስረው ዋሉ። ሰኞ ኅዳር ሁለት ቀን፣ በማለዳ፣ ሁለቱ ባልና ሚስት በግቢው መካከል ፊት ለፊት ቆሙ። ዋንጫቸውንም እኩል አነሡ። እኔ በዘመኔ ብዙ ጀግና በወረቀት ላይ አሳልፌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጦርነት ግን አላየሁም። ጠጡ። የባሻ ፊት ተጨማደደ፣ የወይዘሮ አልጋነሽም ፊት ከሳቸው ባሰ፤ አፍንጫዋ የት እንደ ገባ ለጊዜው አልታየኝም። እሳቸውም ፊቷን አይተው ሳቁ፤ እሷም ፊታቸውን አይታ ሳቀች፤ እየሳቁም አንዳቸው የሌላውን ትከሻ ይዘው፣ ጤና አዳም እያሸተቱ፣ የመጣውን ሁሉ በጀግንነት መለሱት። አላስመለሳቸውም። ከቀትር በኋላ ስለ ወጣው ጠላት ርዝመትና ብዛት እንዳልጽፍ ማኅበሩ አዞኛል፣ ይህ መጽሐፍ በድግስ ላይ ይነበባልና፤ የትሉ ራስ ጭምር እንደ ወጣ ብቻ እመሰክራለሁ።

ኅዳር ሰባት ቀንም በሬው ታረደ። ወይዘሮ አልጋነሽ ከሻኛው ቆርጣ፣ አዋዜ ነክታ፣ በእናቷና በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ባሏን አጎረሰች፤ እሳቸውም አጎረሷት። ለኔ፣ ለታሪኩ ጸሐፊ፣ የደረሰኝ የጎድን አጥንት ነው፤ ይህንንም ትውልድ ይወቀው።

እንግዲህ ምስጋና ይሁን ለባሻ ፈቀደ፣ ሞዐ ኮሶ ዘእምነገደ ዶሮ ማነቂያ፣ የለንደንን ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ላዋረዱ፣ በሌለች በቅሎ ለተቀመጡ፣ ጠላታቸውን ከነራሱ ላስወጡ፣ ከሁሉም በላይ በሚስታቸው ፊት ፊታቸውን ሳይደብቁ ላጨማደዱ! ምስጋናም ለወይዘሮ አልጋነሽ፣ የዘመቻው ተካፋይ! በደረቀው ጌሾ ቦታም ሁለቱ አዲስ ችግኝ ተክለው ነበር፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ በስተቀኙም በስተግራውም ለምልሟል፣ የባልና የሚስቱም እውነተኛነት ምስክሩ እሱ ነው። በወይዘሮ አይናዲስ መስኮት ሥር ያለችው አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ፣ ኮሶ ኮሶ እየሸተተች፣ ደርቃለች፤ እኔ ግን ታሪክ ጸሐፊ እንጂ ከሳሽ አይደለሁም፣ ጠላቸውም ጥሩ ነው።