የልዕልቷ ለቅሶ

ራሺያ ተምሮ የመጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ስለ ልብ ወለድ ሰዎች እንደ ጎረቤቶቹ ነው የሚያወራው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ የራሺያ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩን ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ቅዳሜ ከአንድ የራሺያ ልብ ወለድ ልዕልቷ ባሏን ብቻውን ትታ የሞተችበትን ገጽ ሲያነቡልን ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ታዲያ ዝም ይባላል? እኛ ተማሪዎቻቸው በሳምንቱ ጥቁር ለብሰን፣ ምስር ወጥ በፎይል ትሪ ይዘን ለቅሶ ደረስን።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለቻቸው አልማዝ።

«ኧረ ልብ ወለድ ነው!»

«ቢሆንስ? አልቅሰውላታል እኮ!»

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የቀረው ሰው ነው። ባሌን ከቀበርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ብቻውን የቀረ ሰው እንዴት እንደሚኖር መጽሐፉ ይነግረኝ ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ባሏስ እንዴት ሆነ?»

ጋሽ ታደሰ ገጹን ገለጡ።

«በሚቀጥለው ምዕራፍ ሌላ ያገባል።»

ምስሬን መልሼ ከደንኩት።