ሣር ፊት ያልቆመው ብስክሌት

ዘንድሮ ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ ሲወጣ ያስደነግጣል። ጉዳይ ያለው ባጃጅ ይሳፈራል፤ ጉዳይ የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ስልሳ ሰባት ዓመቱን ደፍኖ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ቅዳሜ ጧት ብስክሌት ላይ ጉብ የሚልና «ወዴት ነው?» ሲሉት «ወዴትም» ብሎ የሚመልስ ሰው ግን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግራ ያጋባል። አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አካባቢ የሚቆሙት የባጃጅ ነጂዎች መጀመሪያ ሰሞን በጣም ያዝኑልኝ ነበር። አንዱማ አጠገብ አጠገቤ እየነዳ፣ «ቲቸር፣ ግድ የለም ይግቡ፤ እኔ አደርስዎታለሁ» አለኝ። የት እንደሚያደርሰኝ እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አላወቅኩ። አመስግኜ ፔዳሌን ረገጥኩ። በኋላ እንደሰማሁት «መምህር ጡረታ ከወጡ ወዲህ ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል» ተብሎ ተወራ። ይወራ።

እናንተም ብትሆኑ «በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ዕድሜ ብስክሌት ምን ያደርግልሃል?» ማለታችሁ አይቀርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ደግሞ የቸኮለ ሰው ምን እንዳፈሰሰም አላየም እላለሁ። እስቲ አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ውጡ። ከሲቀላ ተነስታችሁ የኩልፎን ወንዝ ዳር ዳሩን፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ እግረኛና ከብት ባበጀው ቀጭን መንገድ ትንሽ ሸርሸር ትላላችሁ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይታዘባችኋል። ከዚያ የላንቴን መንገድ ትይዛላችሁ። መንገዱ ደልዳላ ይመስላል እንጂ ጉብታ በጉብታ ነው፤ አንዱን ስትወጡ የዓባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውኃው ብቅ ይላል፣ ቁልቁል ስትለቁት ይደበቃል፣ ቀጣዩ ላይ ደግሞ እንደገና ብቅ። ላንቴ ስትደርሱ ግራም ቀኝም ሙዝ ነው። የሐሬን ወንዝ ተከትላችሁ በእርሻው መሐል ስትገቡ ያገኛችሁት ሁሉ ሰላም ይላችኋል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ለሰላምታ መልሱ ጥሩንባ ነው። ብስክሌተኛ ግን ወርዶ፣ እጅ ነስቶ፣ የልጆቹን ደህንነት ጠይቆ፣ የበሰለ ፓፓያ ተቀብሎ ነው የሚያልፈው። ባጃጅ ባንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ግማሽ ቀን እንፈጅበታለን። ይህንን የምለው በኩራት ነው።

«እኛ» ያልኩት ሁለት ስለሆንን ነው። ሁለተኛው ቶማ ይባላል። የጨንቻ ተወላጅ ጋሞ፣ የሸማኔ ልጅ፣ ዕድሜውን በግብርና ባለሙያነት ላንቴ ውስጥ ከገበሬ ጋር የጨረሰ፣ እንደኔው ጡረተኛ ነው። እኔ ብስክሌት መንዳት እችላለሁ፤ ቶማ ብስክሌት ያውቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው፤ ስለዚህ ባረፍንበት ሁሉ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ሳስረዳ፣ እሱ ዝም ብሎ የኔን ፍሬን ያጠብቃል፣ ሰንሰለቴን ዘይት ይቀባል፣ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያያል። የሸማኔ ልጅ እጅ የላላ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ሳወራ፣ እሱ ሲጠግን፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣን ኖርን።

ክፉዋ ቃል የወጣችው ጨንቻ ላይ ነው።

ከላንቴ ቆላ ወደ ጨንቻ ደጋ በብስክሌት መውጣት ሽርሽር አይደለም፤ ንስሐ ነው። ሐሳቡ የቶማ ነበር። «አንዴ እንኳ የተወለድኩበት መንደር ፔዳል እየመታሁ ልግባ» አለ። ለዘመዶቹ ተነገረ፣ ሊቀበሉን ተሰናዱ። ማለዳ ተነስተን፣ ግማሹን እየነዳን ግማሹን እየገፋን፣ ሙዙ አልቆ እንሰቱ እስኪጀምር፣ ላባችን ደርቆ ብርዱ አጥንታችን እስኪገባ ወጣን። መንደሩ ሊደረስ ትንሽ ሲቀረን የቶማ ሰንሰለት ተበጠሰ። «መምህር፣ አንተ ቅደም። ሰዎቹ ብርድ ላይ ቆመዋል፤ እኔ እደርሳለሁ» አለኝ። ቀደምኩ። ዘመድ አዝማዱ ጋቢውን ለብሶ፣ ቦርዴ የሚባለውን ወፍራም የእህል መጠጣቸውን በቅል ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። አጨበጨቡልኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ከጎጃም መጥቼ ሠላሳ ዓመት አርባ ምንጭ ስኖር «እንግዳችን» ሲሉኝ የኖርኩት እኔ፣ ዳገታቸውን ወጥቼ ከልጃቸው ቀድሜ ገባሁ። ደረቴ ተነፋ። «ቶማ የት አለ?» አሉኝ። ሰንሰለት ተበጥሶበት ነው ማለት ምን ነበረበት? አፌ ግን «ደክሞት ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰዉ ሳቀ። ቶማ ብስክሌቱን እየገፋ ገና ከሩቅ ብቅ ሲል፣ አንድ የአክስቱ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቆላው አስረጀህ መሰለኝ፤ ጎጃሜው ቀደመህ!» አለው። ሳቁ እንደገና ተነሳ። እኔ ዓይኔን ቅሉ ውስጥ ቀብሬ ነበር፤ ቶማ እንዳየኝ ግን ታወቀኝ። ውኃ ተቀብሎ ጠጣ፣ ዘመዶቹን አቅፎ ሳመ፣ ለኔ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ የመጣበትን ቁልቁለት ብቻውን ወረደ። ቁልቁለት ሰንሰለት አይጠይቅም።

አምስት ቅዳሜ አለፈ። በመንገድ ስንገናኝ ቶማ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «ደህና ዋሉ» ይለኛል። ከስድስት ዓመት አንተታ በኋላ አንቱ! ከዚህ ስድብ ይሻል ነበር። ብቻዬን ወጣሁ፤ ዓባያ እንደወትሮው ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ብቅ ማለቱን ግን የምነግረው ሰው የለም። ብስክሌቴም አዘነች። የኋላው ፍሬን ሞተ፤ የፊቱ ማልቀስ እንጂ መያዝ ተወ። የምቆመው በጫማዬ ሶል ነበር። ባለቤቴ አልማዝ ሶሉን አየችና፣ «ቤቱ ሂድና ‹ዋሸሁ› በለው። አንዲት ቃል ናት» አለችኝ።

አንዲት ቃል መሆኗ ነው እንጂ የከበደኝ። ኩራት እራቱ የሆነ ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ በር አያንኳኳም። ደግሞም እኔ ባደግኩበት አገር ዕርቅ ወግ አለው። ሽማግሌ ቤትህ ይመጣል፣ አጎንብሶ ይገባል፣ ይለምንሃል። አንተ በመጀመሪያው ቀን «እምቢ» ትላለህ። በሁለተኛው ታኮርፋለህ፤ ይህ ከመጀመሪያው ትንሽ ለስለስ ያለ ነው። በሦስተኛው «እንግዲህ እናንተን ካላከበርኩ ማንን ላከብር» ብለህ ትነሳለህ። ያጠፋው አንተ ብትሆንም ሥርዓቱ ያው ነው። እኔም የእምቢታ ንግግሬን አሰናድቼ፣ ሳሎኔን አጽድቼ፣ ሽማግሌ መጠበቅ ጀመርኩ።

የጋሞ ሽማግሌ ሳሎን እንደማይመጣ ሠላሳ ዓመት ኖሬበትም ረስቼው ነበር። እነሱ እርጥብ ሣር ነቅለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊትህ መሬት ላይ ይንበረከካሉ። አለቀ። ሣር የያዘ ሽማግሌ ተንበርክኮ እያለ ያንን አልፎ የሚሄድ ሰው በዚህ ምድር አይገኝም። ነፍጥ ያነሳ ሰው ይቆማል፤ ድንጋይ የጨበጠ ጎረምሳ ድንጋዩን ይጥላል። ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን የሚባል ነገር የለም።

በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ላንቴ ውስጥ ወደ ሐሬ ወንዝ የምትወስደዋን ቁልቁለት ለቅቄ ስወርድ፣ ከታች መንገዱ መሐል አራት ሰዎች ቆመው አየሁ። ሦስቱ ከጨንቻ፣ አንዱ ከላንቴ። ራቅ ብሎ ከሙዙ ሥር ቶማ ብስክሌቱን ደገፍ ብሎ ቆሟል፤ ለካ እሱንም በማለዳ ደጁ ላይ ተንበርክከውለት ነው ያመጡት። እኔ ይህን ሁሉ የተረዳሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየሁት አራቱ አዛውንት እጃቸው ላይ አረንጓዴ ነገር ይዘው፣ አንድ በአንድ፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ሲንበረከኩ ነው።

ሁለቱንም ፍሬን ጨበጥኩ። የፊቱ አለቀሰ። ሶሌን መሬት ላይ ጣልኩ፤ ሶሉ ከጫማው ተለይቶ ወደ ኋላ ቀረ። ሽማግሌዎቹ አይንቀሳቀሱም። ሣር የያዘ ሰው ብስክሌት መጣ ብሎ አይነሳም፤ የኔም የሠላሳ ዓመት ስም እነሱ ላይ ተንከባሎ ሊያልቅ ነው። እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። በስተቀኝ ያለው የሙዝ መስኖ ቦይ ነበር። ጭቃው ውስጥ በግንባሬ ተተከልኩ፤ ብስክሌቷ ጀርባዬ ላይ ሆና ጎማዋ ይሽከረከራል።

ከዚያ የሁሉም ታላቅ፣ ከጨንቻ የመጡት ነጭ ጢማም አዛውንት፣ ለጓደኞቻቸው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩና ወደኔ ዞሩ።

«መምህር» አሉ፣ «እኛ ተንበረከክን። አንተ ግን ከኛ በታች ወረድህ። ጭቃ ውስጥ ገባህ። ሣሩን እንዲህ ያከበረ ሰው እኔ አላየሁም።»

እኔ አፌን የሞላውን ጭቃ መትፋት ያዝኩ። ቶማ እየሮጠ መጥቶ ብስክሌቷን ከጀርባዬ አነሳልኝ። የሸማኔ ልጅ ነውና እጁ ሳያስበው ፍሬኑን ጨበጠ። እጀታው ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ መጨረሻው ገባለት። የፊቱን አየ፣ የኋላውን አየ፣ ሶል የሌለውን ጫማዬን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። ሁሉንም አወቀ። አሁን ተራው የሱ ነበር። በአገሩ ሽማግሌዎች ፊት፣ አንዲት ቃል ብትወጣው፣ «ፍሬን የለውም እኮ» ቢል፣ እኔ የላንቴና የጨንቻ መሳቂያ ነበርኩ። አንዲት ቃል ምን እንደምትሠራ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቶማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «አዎ አባቶቼ» አለ። «መምህር ሲያከብር እንዲህ ነው።»

አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ያዘጋጀሁት የእምቢታ ንግግር ከነመግቢያው ጠፋኝ። ጭቃው ውስጥ እንደተንበረከክኩ፣ «ሰንሰለቱ ነው የተበጠሰው» አልኩ። «ቶማ አልደከመውም። ጨንቻ ላይ ደከመው ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

አዛውንቱ ሣሩን እንደያዙ አዩኝ። «እሱንማ እናውቃለን» አሉ። «ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አይደል የገባው? አገር ሁሉ አይቷል።»

«ታዲያ ካወቃችሁ ለምን ይህን ሁሉ መንገድ ወረዳችሁ?»

«አንተ ስትናገረው ልንሰማ።»

አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ጨንቻ ሁሉ የሚያውቀውን ምስጢር በደረቴ ይዤ ስንገላታ ከርሜያለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ለሌላው እንጂ ለኔ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር። አዛውንቱ ከያዙት ሣር ከፍለው ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለቶማ ሰጡን። «ለመንገደኛ ሰው ከተራራ አንወርድም» አሉኝ። «የወረድነው ለልጃችንና ለልጃችን ነው።» ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሣር ተነቀለልኝ! ያን ሣር ይዤ ስነሳ፣ ከጭቃዬ ጋር፣ ባንድ ሶል፣ ጨንቻን ቀድሜ ከገባሁበት ቀን ይልቅ ኮራሁ። እንባዬም መጣ፤ ጭቃው ሸፈነልኝ።

ነፍሴ አንዴ መናዘዝ ከጀመረች ትቀጥል ብዬ፣ «አባቶች፣ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ መውደቄ…» ስል ቶማ ሶል አልባውን እግሬን ረገጠኝ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «ዝም በል፣ መምህር፤ ዛሬ አንዱ ይበቃሃል» አለ። አንተ አለኝ። ዝም አልኩ።

ታሪኩ ከኛ ቀድሞ ሲቀላ ገባ። ዛሬ የባጃጅ ነጂዎች ሲያዩኝ ፍጥነት ቀንሰው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ ነካ አድርጓቸዋል መባሉም ቀርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላንቴ ውስጥ ባረፍንበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ «ሣር ሲያዩ ራስዎን ቦይ ውስጥ ጣሉ የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ መልስ ከማሰቤ በፊት ቶማ፣ ፍሬኔን እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ «በዓይኔ ነው ያየሁት» ይላል። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ወዳጄን በሰው ፊት ውሸታም ላሰኘው?