በጣሊያን ፊት በቅሎ የተወራረዱት ጠበቃ

የዚያ ዓመት በልግ ጭራሽ ቀረ። ጣሊያን ከገባ ሁለተኛው ዓመት መሰለኝ፣ ወይም ሦስተኛው፤ ብቻ ለመኪና መንገድ ብለው የጣርማ በርን ተራራ ሆድ መቦርቦር የጀመሩበት ጊዜ ነው። ቀን ከብቱ ከግራር ጥላ አይወጣም፤ ማታ እኛ አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ ትንኝ እያባረርን፣ የደመና ያለህ እያልን እናንጋጥጣለን። ነፋስ ሲነሣ አቧራው ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ሮቢት ውስጥ ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ፣ ንግግሩ አጥሮ ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። ፍየል የጎረቤት ማሳ ብትገባ ነገሩን ከኖኅ መርከብ የሚጀምር፣ ሰው ሲጣላ ያዘነ መስሎ ዘንጉን የሚፈልግ። እግዜር አስቀድሞ ምላሱን ሠርቶ፣ የቀረውን አካል የጨመረለት ምላሱን የሚሸከም ነገር ቢያስፈልግ ነው። የእኛው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ የይፋት ቆላ ሊቀ ጠበብት፣ የነገር ንጉሥ፣ ጠበቃችን። ጽሕፈት ቤታቸው ወንዙ ዳር ያለችው ሾላ ናት። ረዳት የላቸውም፤ ማንስ ተራ አግኝቶ ይናገርና።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ ገና ሲቀመጡ። ይህን ያለ ሰው ወደ ሥሩ ሲወርድ እኛ እዚያው ላይ ሆነን ምሳችን ያልፈናል።

አንድ ጊዜ የፍየል ነገር ይዘው ቆሙ ይባላል። የፍየሏን አያት፣ አያቲቱን የሸጠውን ነጋዴ፣ የነጋዴውን ደግነት ሲያስረዱ ዳኛው እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ጋሼ ደምሴ ገና የፍየሏ እናት ጋ ናቸው። «ረትተሃል፤ ቁጭ በል» አላቸው ዳኛው። ባለጉዳዩ በደስታ አለቀሰ። ያን ጊዜ እንዲያ ነበር፤ ባለጉዳይ የሚፈልገው ረጅም ጠበቃ ነው። በአጭሩ የረታልህ ሰው ድካምህን ንቆ እንደሄደ ይቆጠራል።

በኋላ ጣሊያኑ ሹም መጣና ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ችሎት ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ሰዓት ያኖራል። አጠገቡ አስተርጓሚ አለ፤ የሰው ንግግር እንደ ቅቤ አንጥሮ ጠብታ ብቻ የሚያስቀር።

መጀመሪያ እዚያ የቆሙት የሙሚናን የግመል ነገር ይዘው ነው። ሙሚና የጀውሃ ሰው ናት፤ ለመንገድ ሥራው ብለው ግመሏን ወስደውባታል። ጋሼ ደምሴ ሲናገሩ ከደረታቸው ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ጀርባቸው ዞረ። አስተርጓሚው ተነሣ፣ አንዲት ቃል ተናገረ፣ ተቀመጠ።

«ያ ሁሉ ንግግሬስ የት ገባ?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ደርሷል፣ አባቴ።»

ሙሚና ሲወጡ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ወላሂ ጋሼ ደምሴ፣ ለዚች አንዲት ቃልስ እኔው ራሴ እበቃ ነበር» አለቻቸው።

ወሬው ዞረ። ባለጉዳይ ሁሉ ድንገት ሥልጡን ሆነ። አንዱ አጭር ጠበቃ ይፈልጋል፤ አንዱ ኮት የለበሰ፤ አንዱ ከአስተርጓሚው ጋር ሰላምታ ያለው። ከሾላዋ ሥር ሰው ጠፋ። ጋሼ ደምሴም ለዘመኑ ልገዛ አሉ። ከመንገድ ሠራተኛ ቁልፉ የረገፈ የጣሊያን ኮት ለወጡ። እንደምን አደራችሁ የሚሉበትን «ቦንጆርኖ»ን ተማሩ፤ ሲመሽም ያው «ቦንጆርኖ» ነው። የአነጋገር ማሳጠር ትምህርታቸውንም እኔ ቤት ጀመሩ፤ እኔ ንፍሮ ጥጄ ስሚኝ እባላለሁ። «አሳጠርኩት» ሲሉ ንፍሮው በስሏል፣ በርዷል፣ ተበልቷል።

እኔን የእሳቸው ባለጉዳይ ያደረገኝ የውሃ ነገር ነው። ከሮቢ ወንዝ በቦይ የሚመጣ ውሃ አለን፤ የእያንዳንዱን ተራ የውሃ አባት የምንለው ሽማግሌ ያውቀዋል። ከእኔ በላይ ያለው ማሳ የተክሌ ነው። ተክሌ መንገድ ሥራው ላይ ካፖ፣ ማለት የቀን ሠራተኛ አዛዥ፣ ሆኖ ቆብ ተሰጥቶት ነበር። ቆቡን ባደረገ ሳምንት ቦዩን ዘጋብኝ። የውሃ አባትም ቆቡን አይቶ ቦዩን አላየሁም አለ። ማሽላዬ ሊያሸት ሲል ቅጠሉ እንደ ትንባሆ ተጠቀለለ። ባሌ በበቅሏችን ተቀምጦ ዱር ገብቷል፤ አርበኛ ነው። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጣሊያኑ ብቻ አያውቅም። ያቺ ማሽላ ከደረቀች እኔና ልጆቼ የምንጠብቀው ሌላ እህል የለም።

«ጋሼ፣ አጭር ይሁንልኝ» አልኳቸው።

«እንደ ምን ያለ አጭር?»

«ውሃዬን ዘግቶብኛል፣ ይክፈትልኝ። ይኸው ነው።»

«አንቺ ከበቡሽ፣ ይህ አቤቱታ ነው ወይስ ማስነጠስ?»

ያም ሆኖ ቃል ገቡልኝ፤ ችሎት ስንቀርብም ቃላቸውን ጠበቁ። ኮታቸውን ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ጨብጠው፣ «ቦንጆርኖ። ውሃዋን ዘግቷል። ይክፈት» ብለው ተቀመጡ። አስተርጓሚው ራሱ የቀረ ነገር ያለ መስሎት ጠበቃቸው። እኔ ኩራት ያዘኝ፤ ያሰለጠንኳቸው እኔ ነኛ።

ተክሌ ተነሣ። «ይህች ሴት ድሮም የውሃ ተራ ኖሯት አያውቅም» አለ።

አይ፣ ተክሌ እዚህ ላይ ባያበዛው ኖሮ። እንደ አገራችን ሙግት፣ ባላጋራህ ፊት ለፊት ሲክድ ዝም ካልክ ተረትተሃል። መወራረድ አለብህ፤ ማር ወይም በቅሎ ትጠራለህ፣ እሱም «ይሁን» ይላል፣ የተረታው የጠራውን ለዳኛ ያገባል። ጋሼ ደምሴ ኮቱን ወዲያ ጣሉ። ጋቢያቸውን አደገደጉ፣ ዘንጋቸውን አነሡ። «ተራ እንዳላት ባላስመሰክር፣ በቅሎ ለዳኛው» አሉ።

ተክሌም የአባቱ ልጅ ነውና ቆቡን ረሳው። ክንዱን ዘርግቶ «ይሁን፤ በቅሎ ለዳኛው» አለ።

አስተርጓሚው ያንኑ ጠብታውን አንጠበጠበ፤ ኋላ እንደሰማነው፣ «ሁለቱም በቅሎ ሊሰጡህ ነው» ብሎታል። ጣሊያኑ እንደ በርበሬ ቀላ። ለካስ ጉቦ መስሎታል፤ ያውም በአደባባይ። ጠረጴዛውን መታና፣ ጋሼ ደምሴ የጠሯት በቅሎ የማን እንደሆነች ጠየቀ።

ጋሼ ደምሴ ዘወር ብለው አዩኝ። ጠበቃ የሚወራረደው በባለጉዳዩ ንብረት ነው፤ ሕጉ እንዲያ ነው። «የእሷ ናት» ቢሉ እውነት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን በቅሎዋ የት ናት፣ ባልሽስ የት ነው የሚል ነው።

«የራሴ ናት» አሉ።

በሕይወታቸው ካደረጉት ሙግት ሁሉ አጭሩ ይኸው ነው። እሳቸው በቅሎ የተቀመጡት በሰው ሠርግ ላይ፣ በውሰት ነው።

ሁለቱንም ወስደው እህል ጎተራ ውስጥ ቆለፉባቸው። እዚያ ቀድሞ የታሰረ የአሊዩ አምባ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ሼህ ሷሊሕ ይባላል። እኔ ቂጣ ይዤ ስሄድ ከግድግዳው ውጪ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሼህ ሷሊሕን ዳኛ አድርገው ነገሩን ከሥሩ ጀምረውታል። እዚያ ሰዓት የለም፣ አስተርጓሚ የለም፣ ተነሥቶ የሚሄድም የለም። እንዲህ ያለ ችሎት ዕድሜ ልካቸውን አላገኙም። ስለ ቦዩ ቆፋሪዎች፣ ስለ ቆፋሪዎቹ ሚስቶች፣ ስለ ወንዙ ጠባይ አወሩ። ሌት ተቀን ተክሌን በነገር ጠበሱት።

በመጨረሻ ሼህ ሷሊሕ፣ «ተክሌ፣ ውሃው የአላህ ነው፤ ተራው የእሷ አይደለም ካልክ ማልና እንተኛ» አለው።

«አልምልም» አለ ተክሌ። «ትውሰድ። ብቻ እሳቸው ይብቃቸው በሉልኝ።»

ተክሌን የመንገዱ አለቃ ካፖዬን ብሎ አስፈታው። በዚያው ምሽት ቦዩን በገዛ እጁ ከፈተልኝ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ማሽላዋ ጠጣች። ጋሼ ደምሴን ግን በቅሎዋን ካላመጣህ አሏቸው፤ ከየት ያምጡ። በካሚዮን ጭነው ጣርማ በር ድንጋይ ሊያስፈልጧቸው ወሰዷቸው። ሲጫኑ እኔ ከሰዉ መሐል ቆሜ ነበር። አንዱን ወታደር ይዘው አንድ ነገር ከሥሩ ሲያስረዱት ካሚዮኑ ተነሣ።

አሁን ሁሉም አጭር ነው። የልጅ ልጆቼ በሁለት ቃል ይጣላሉ፣ በአንድ ቃል ይታረቃሉ። ሥልጣኔ ነው፣ ደግ ነው። እኔ ግን ሙግት አለ ሲሉኝ እሄድና ዳር ቁጭ እላለሁ፤ አንዱ እንኳ ንፍሮ የሚያበስል አይናገርም።

ጋሼ ደምሴ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ጣሊያን በወጣ ዓመት፣ አሊዩ አምባ ገበያ፣ በሼህ ሷሊሕ ደጅ ነው። የሁለት ጨው ነጋዴዎችን ነገር ይዘው ቆመው ነበር፤ ገበያው ሲበተንም አልጨረሱም። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ያለኝ ሰው የለም።